ትምህርት 14፦ የሠሪው ጓዳ፤ ስለ ትእዛዝ አንቀጽና ስለ መመሪያ አጻጻፍ

ባለፈው ትምህርት የትረካ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክታችኋል። ትረካ የሆነውን ነገር ይነግራል፤ መመሪያ ግን ገና ያልሆነውን ነገር አንባቢው እንዲያደርገው ያዛል። ስለዚህ በትረካ ውስጥ ስሕተት ሲገኝ የሚጎዳው ድርሰቱ ነው፤ በመመሪያ ውስጥ ስሕተት ሲገኝ ግን የሚጎዳው አንባቢው ነው። ለዚህ ትምህርት የተመረጠው ምንባብ ስለ አንድ የጨዋታ መሣሪያ ይናገራል። ጉዳዩ የልጆች ነገር መስሎ የሚታየው መምህር ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሥ እንለምነዋለን። እናንተም ምንባቡን በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንድ ጊዜ አንብቡ፤ ከዚያ በኋላ እርሳስ ይዛችሁ፣ አንባቢን የሚያዝዙትን ግሦች እያሰመራችሁ ድገሙት። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ምንባብ

በባላገር ቤት እልፍኝና ጓዳ ይለያያሉ። እንግዳ በእልፍኝ ይቀመጣል፤ መብልና መጠጥ የሚቀርብለትም እዚያው ነው። ጓዳው ግን የባለቤቶቹ ነው። እንግዳ ወደ ጓዳ የማይዘልቀው የተደበቀ ሀብት ስላለ አይደለም፤ እሳቱ፣ ቢላዋው፣ ያልተከደነው ድስትና ገና ያልበሰለው ወጥ የሚገኙት እዚያ ስለ ሆነ ነው።

በቴሌቪዥን መስኮት ላይ የሚጫወቱበት፣ ኮንሶል የሚባለው መሣሪያም እንዲህ ያለ ጓዳ አለው። ተጫዋቹ የሚያየው እልፍኙን ብቻ ነው፦ የጨዋታዎቹን ሥዕል፣ የድምፁን መጠን፣ የቋንቋውን ምርጫ። ጨዋታውን የሚሠራው ባለሙያ ግን ከዚህ የበለጠ ያስፈልገዋል። ማኅደረ ትውስታው ምን ያህል እንደ ተያዘ፣ የመሣሪያው አንጎል በየትኛው ሥራ ላይ እንደ ተጨናነቀ፣ ጨዋታው በድንገት ሲቆም ከየትኛው ትእዛዝ ላይ እንደ ቆመ ማየት ይኖርበታል። ይህን የሚያሳዩት መሣሪያዎች በጓዳው ውስጥ ይቀመጣሉ።

ሠሪዎች የጓዳቸውን በር አንዳንድ ጊዜ በቁልፎች ቅደም ተከተል ይሰውሩታል። በ1986 ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ግራዲየስ የሚባለውን ጨዋታ ለቤት መሣሪያ ሲያዘጋጅ፣ ሥራው የተሰጠው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ጨዋታው እጅግ ስለ ከበደው ተጫውቶ ሊፈትነው አልቻለም። ስለዚህ ለራሱ አንድ አቋራጭ አበጀ፤ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያም የቢ እና የኤ ቁልፎች። ይህን በተርታ የተጫነ ሰው የጨዋታውን መርከብ ከነትጥቋ ያገኛታል። አቋራጩ ሳይወጣ ጨዋታው ለገበያ ቀረበ፤ ተጫዋቾችም ደረሱበት። ሃሺሞቶ በ2020 ሲሞት ስሙ በመላው ዓለም የተነሣው በዚህች አቋራጭ ምክንያት ነበር።

የሃሺሞቶ አቋራጭ የማንንም መሣሪያ አላበላሸችም። ቀጥሎ የሚነገረው ግን አበላሽቷል።

ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው በኖቬምበር 22 ቀን 2013 ነው። ኩባንያው አስቀድሞ፣ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር፣ የሚሸጠው እያንዳንዱ መሣሪያ ወደ ፊት ለጨዋታ መሥሪያነትም እንዲያገለግል እንደሚያደርግ አስታውቆ ነበር። መሣሪያው ሲወጣ ይህ ተስፋ ገና አልተፈጸመም፤ ነገር ግን የጓዳው በር ከውስጥ ተበጅቶ ነበር። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ፣ በልማድ ጆይስቲክ የምንለውን መያዣ በተወሰነ ቅደም ተከተል የተጫኑ ሰዎች የሠሪዎች ማስተካከያ ገጽ ተከፍቶ አገኙት። ኩባንያውም ወዲያው ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ገጹ ለሠሪዎች ብቻ የተዘጋጀ መሆኑን፣ ስለ ተከፈተ ብቻ መሣሪያው የሠሪ መሣሪያ እንደማይሆን፣ በውስጡ ያለውን መለወጥ ግን መሣሪያውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው እንደሚችል ገለጸ።

በዚህ ጊዜ የብዙ ተጫዋቾች ቅሬታ ሌላ ነበር። አዲሱ መሣሪያ በ2005 ለወጣው ለኤክስቦክስ 360 የተሠሩትን ጨዋታዎች አያጫውትም። የሁለቱ መሣሪያዎች አንጎል የሚረዳው የትእዛዝ ቋንቋ የተለያየ ነው፤ የቀድሞው ከፓወር ፒሲ፣ አዲሱ ከኤክስ 86 ወገን ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ገንዘቡን እያወጣ ዲስክ ያከማቸ ሰው፣ ዲስኮቹ በአንድ ቀን ባዳ ሲሆኑበት የሚሰማውን መገመት አያዳግትም።

በዲሴምበር 2013 አንድ ሥዕል በኢንተርኔት ተሰራጨ። የኩባንያውን ማስታወቂያ መስሎ የተዘጋጀ ነበር። የተጻፉትን ትእዛዞች በተርታ የፈጸመ ሰው አዲሱ መሣሪያ የድሮዎቹን ጨዋታዎች እንዲያጫውት ማድረግ ይችላል ይላል። የመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች እውነተኛውን የሠሪዎች ገጽ ይከፍታሉ። አንባቢው የተባለውን ሲያደርግ የተባለው ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ የቀረውንም አመነ። የቀረው ግን ቅንጅቱን የሚያፋልስ ነበር። መሣሪያው ጠፍቶ ሲነሣ ከመግቢያው ምስል አያልፍም፤ ተመልሶ ይጠፋል፤ ተመልሶ ይነሣል፤ መጨረሻም የለውም። የኩባንያው ቃል አቀባይ ላሪ ህሪብ እንዲህ ያለ መንገድ ጨርሶ እንደሌለና ሙከራው መሣሪያውን ሊያበላሽ እንደሚችል በይፋ አስታወቀ። ለአንዳንዶቹ ግን ማስታወቂያው የደረሰው ከሆነ በኋላ ነው።

እውነተኛው መንገድ የተገኘው ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ ነው። መሐንዲሶች የድሮውን መሣሪያ ጠባይ በአዲሱ ላይ የሚያስመስል ሶፍትዌር ጻፉ፤ በኖቬምበር 12 ቀን 2015 ከ100 ጥቂት የሚበልጡ ጨዋታዎች ተከፈቱ። የድሮው ዲስክ ባለቤትነትን ለማረጋገጥ ብቻ ያገለግላል፤ ጨዋታው ራሱ እንደ ገና ተዘጋጅቶ በኢንተርኔት ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ ገጽ ላይ ጥቂት ቁልፍ በመጫን አገኛለሁ ብሎ ማመን፣ ዘር ሳይዘሩ አዝመራ እንደ መጠበቅ ነበር።

የጓዳው በር ራሱ በይፋ የተከፈተው በማርች 30 ቀን 2016 ነው። ዴቨሎፐር ሞድ ይሉታል፤ እኛ በዚህ ትምህርት የሠሪ ጓዳ እንለዋለን። አሁን በስውር ቁልፍ አይገባበትም። ባለቤቱ የሠሪነት መዝገብ ይከፍታል፤ በዚያን ጊዜ አንድ ግለሰብ በአሜሪካ የሚከፍለው 19 ዶላር ነበር። ከገባ በኋላ ዴቭ ሆም የሚባል ገጽ የመሣሪያውን አድራሻ፣ የተጫኑትን ፕሮግራሞችና የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ያሳየዋል። ዲቫይስ ፖርታል የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ከዚህ ይልቃል፤ ሠሪው በአጠገቡ ካለው ኮምፒዩተር ሆኖ በመሣሪያው ውስጥ የሚሠሩትን ሥራዎች ሁሉ፣ እያንዳንዱም የሚወስደውን የማኅደረ ትውስታ መጠን በቁጥር ያያል። የኤክስቦክስ ዋን ማኅደረ ትውስታ 8 ጊጋባይት ነው፤ በጓዳው የሚሞከር ተራ ፕሮግራም ግን በፊት ሆኖ ሲሠራ ከ1 ጊጋባይት፣ ከኋላ ሆኖ ሲጠብቅ ከ128 ሜጋባይት በላይ አይፈቀድለትም። መሣሪያው በጓዳ ሳለ ከገበያ የተገዙትን ጨዋታዎች አያጫውትም። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይሁኑ እንጂ በመካከላቸው ግድግዳ አለ።

ለ. ስለ ምንባቡ

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ። ሐሰተኛው መመሪያ እውነተኛ ትእዛዞችን በመጀመሪያ ያስቀደመው ለምን ነበር? ኩባንያው በኖቬምበር 2013 የሰጠው ማስጠንቀቂያና ላሪ ህሪብ በዲሴምበር የሰጠው ማስጠንቀቂያ በምን ይለያያሉ? በጸሐፊው አስተያየት ጓዳ ለእንግዳ የማይከፈተው ለምንድን ነው? በዚህ አስተያየት የማትስማሙ ከሆነ ምክንያታችሁን ጻፉ።

ሐ. ሰዋስው፦ ትእዛዝ አንቀጽ

ትእዛዝ አንቀጽ ለሁለተኛ መደብ የሚነገር ግሥ ነው። ለወንድ «ክፈት»፣ ለሴት «ክፈቺ»፣ ለብዙዎች «ክፈቱ»፣ ለአክብሮት «ይክፈቱ» ይባላል። ለሴት ሲነገር የግሡ መጨረሻ ፊደል ብዙ ጊዜ እንደሚለወጥ አስተውሉ፤ ክፈት ክፈቺ፣ ውሰድ ውሰጂ፣ ለውጥ ለውጪ፣ መልስ መልሺ፣ ያዝ ያዢ፣ ቀጥል ቀጥዪ ይሆናል። ይህን ሁላችሁም በአፋችሁ ስለምታውቁት ብዙ አንዘገይበትም። በጽሕፈት ግን «ክፈቲ» እና «መልሲ» የሚል ደብተር ዛሬም አይጠፋም።

አሉታው የሚገኘው «አት» የሚለውን በመጨመር ነው፤ አትክፈት፣ አትለውጥ፣ አትንካ። «ና» የሚለው ብቻ ከሥርዐቱ ወጥቶ «አትምጣ» ይላል። ለመመሪያ ጸሐፊ ከባዱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሚከተሉትን ሁለት ግሦች ተመልከቱ፦

ፕሮግራሙን ጫን።
ቁልፉን ተጫን።

ሁለቱ በትእዛዝነት የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ማስገባትን፣ ሌላው በጣት መግፋትን ያመለክታል። በአሉታ ሲነገሩ ግን ሁለቱም «አትጫን» ተብለው ይጻፋሉ። ልዩነታቸው በንባብ ብቻ ነው፤ ከ«ጫን» የመጣው «ጫ» ላልቶ፣ ከ«ተጫን» የመጣው «ጫ» ጠብቆ ይነበባል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ፣ በአንድ ገጽ ላይ ብቻውን «አትጫን» ተብሎ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ አንዱ አንባቢ እንደ አንዱ፣ ሌላው እንደ ሌላው ይረዳዋል። መድኃኒቱ ተሳቢውን አለመተው ነው፤ «ይህን ቁልፍ አትጫን»፣ «ከዚህ ሌላ ፕሮግራም አትጫን» ስንል ግሡን የሚያስጠብቀው ወይም የሚያላላው ተሳቢው ይሆናል።

ከዚህ የባሰው «አጥፋ» የሚለው ነው። መብራት እናጠፋለን፤ መሣሪያ እናጠፋለን፤ ጽሑፍም እናጠፋለን። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጠፋው ተመልሶ ይበራል፤ በሦስተኛው ግን የጠፋው አይመለስም። ከሠሪው ጓዳ የሚወጣ ሰው በጓዳው ያስገባቸው ጨዋታዎች ይቆዩ ወይም ይወገዱ እንደ ሆነ የመምረጥ ዕድል አለው። በዚህ ቦታ አንድ ተርጓሚ «ጨዋታውን አጥፋ» ብሎ ቢጽፍ፣ ጨዋታውን ለጊዜው ማቆም የፈለገ ተማሪ የወራት ሥራውን በአንድ ጣት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ለማቆም «ዝጋ»፣ ኃይሉን ለማቋረጥ «መሣሪያውን አጥፋ»፣ ለማስወገድ «ሰርዝ» በሉ፤ አንዱን ቃል በመረጣችሁበት ትርጉም እስከ መመሪያው ፍጻሜ አትለውጡት። በትረካ ድርሰት አንድን ቃል መደጋገም ያሰለቻል ብለናችኋል፤ በመመሪያ ድርሰት ግን መደጋገም ግዴታ ነው።

ስለ ቅደም ተከተል። አንዱ ድርጊት ከሌላው በፊት መፈጸሙን የምናሳየው በቦዝ አንቀጽ ነው። «ገጹን ከፍተህ ስሙን ጻፍ» ስንል መክፈቱ ይቀድማል። ቦዙ ከማሰሪያ አንቀጹ ጋር በመደብ፣ በጾታና በቍጥር መስማማት አለበት፦ ከፍተሽ ጻፊ፣ ከፍታችሁ ጻፉ፣ ከፍተው ይጻፉ። «ገጹን ከፍቶ ስሙን ጻፍ» የሚለው ስሕተት ነው፤ የከፈተው ማን እንደ ሆነ አይታወቅምና። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከሁለት ቦዝ በላይ አታስገቡ። ሦስተኛው ሲመጣ አንባቢው የመጀመሪያውን ረስቶታል። ደግሞም «ተጭነህ ያዝ» እና «ተጭነህ ልቀቅ» በጆይስቲክ ላይ ፍጹም የተለያዩ ሥራዎች ስለ ሆኑ፣ «ተጫን» ብቻ ብሎ ማለፍ ግማሽ ትእዛዝ ነው።

ድርጊቱን በተደራጊ ግሥ መጻፍ፣ ማለት «ስሙ ይለወጣል» ማለት፣ በመሥሪያ ቤት ጽሑፎች የተለመደ ነው። ለመመሪያ አይመከርም። ስሙን የምለውጠው እኔ ነኝ ወይስ መሣሪያው ራሱ ይለውጠዋል? አንባቢው ይህን እየጠየቀ ቁጭ ይላል።

መ. ሰዋስው፦ «ቢ» እና «ከ» በሁኔታ ዐረፍተ ነገር

ወደ ሐሰተኛው መመሪያ እንመለስ። ትእዛዞቹ ሁሉ በትክክለኛ ሰዋስው ሊጻፉ ይችሉ ነበር፤ ምናልባትም ተጽፈዋል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። አደገኛ ሥራ የሚያዝዝ ማናቸውም እውነተኛ መመሪያ ትእዛዙን ከውጤቱ ጋር ያያይዛል፤ «ይህን ስም ብትለውጥ መሣሪያው ላይነሣ ይችላል»፤ «ከተሳሳትህ ወደ ቀድሞው ለመመለስ እንዲህ አድርግ»። የሚያታልል ሰው «ብት» እና «ከተ» ማለትን አይወድም። ሁኔታን የሚገልጽ ሐረግ አንባቢውን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋልና። እናንተም መመሪያ ስታነቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት እነዚህን ሐረጎች ይሁን። ከጫፍ እስከ ጫፍ ትእዛዝ ብቻ ከሆነ፣ ጸሐፊው ሰነፍ ነው ወይም የደበቀው ነገር አለ።

ሁኔታው ሲነገርም ምርጫው ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ሶኒ በ2006 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ባለቤቱ በውስጡ እንደ ሊኑክስ ያለ ሌላ የኮምፒዩተር ሥርዐት እንዲያስገባ ይፈቅድ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ክፍል እንኳ ከ1,700 የማያንሱ እነዚህን መሣሪያዎች አያይዞ ለከባድ ስሌት የሚያገለግል አንድ ኮምፒዩተር ሠርቶባቸዋል። በኤፕሪል 1 ቀን 2010 ግን ኩባንያው የደኅንነት ምክንያት ጠቅሶ፣ ይህን ፈቃድ የሚያነሣ እድሳት አወጣ። ለባለቤቶቹ የቀረበው ምርጫ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦

መሣሪያህን ካደስህ ሌላውን ሥርዐት ታጣለህ።
መሣሪያህን ካላደስህ ወደ ኩባንያው የጨዋታ መረብ መግባት ትከለከላለህ።

ጽሑፉ ግልጽ ነበር፤ ፍርዱ ትክክል መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙዎች የገዛነውን ነገር ተነጠቅን ብለው ኩባንያውን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። በክፍል ውስጥ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ ብትከራከሩበት መልካም ነው፤ አንዱ ወገን ባለቤቱ በገዛው መሣሪያ ጓዳ የመግባት መብት አለው ይበል፤ ሌላው ወገን ሠሪው ጓዳውን የመዝጋት መብት አለው ይበል።

ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርገን ስንናገር «ኖሮ» እና «ነበር» እንጠቀማለን፦ «ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው ባልተበላሸ ነበር።» የመጀመሪያው ክፍል አዎንታ ሲሆን ሁለተኛው አሉታ መሆኑን ልብ በሉ። «ባይነካው ኖሮ ይሠራ ነበር» በሚለው ደግሞ ተገላቢጦሹ ይታያል።

ሠ. የመመሪያ ምሳሌ

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ከላይ የተማርነውን ይከተላል። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር መሆናቸውንና ማስጠንቀቂያው ከትእዛዙ በፊት መምጣቱን ተመልከቱ። ብዙ ጸሐፊዎች ማስጠንቀቂያን በመጨረሻ ያስቀምጡታል፤ ይህም ጉድጓድ ውስጥ የወደቀውን ሰው ጉድጓድ አለ ብሎ እንደ ማስጠንቀቅ ነው።

«ይህ መመሪያ የራሱን ጨዋታ በኤክስቦክስ ዋን ላይ ለመሞከር ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። ከመጀመርህ በፊት ሁለት ነገር እወቅ። መሣሪያው በሠሪ ጓዳ ሳለ የገዛሃቸውን ጨዋታዎች አያጫውትም። ወደ ጓዳው በገባህና በወጣህ ቁጥርም መሣሪያው ጠፍቶ ይነሣል፤ ስለዚህ የጀመርኸውን ጨዋታ አስቀድመህ አስቀምጥ። አሁን በኮምፒዩተር የሠሪነት መዝገብ ክፈት። ከመሣሪያው መደብር ለዚህ ሥራ የተዘጋጀውን ፕሮግራም አውርደህ አስነሣ። ፕሮግራሙ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ አንድ ምልክት ያሳይሃል። ምልክቱን በወረቀት ገልብጠህ በኮምፒዩተሩ ላይ በመዝገብህ ውስጥ ጻፍ። መሣሪያው መመዝገቡ ሲረጋገጥ፣ ወደ ጓዳው የሚያስገባውን ምርጫ ምረጥ። ለመመለስ ስትፈልግ በዴቭ ሆም ገጽ ላይ የመውጫውን ምርጫ ምረጥ። ያስገባሃቸው ጨዋታዎች እንዲሰረዙ የሚጠይቀውን ሣጥን ምልክት ካደረግህበት ጨዋታዎቹ ይሰረዛሉ፤ እንዲቆዩ ከፈለግህ ሣጥኑን አትንካ።»

ረ. መልመጃ

1. የምሳሌውን መመሪያ ለሴት፣ ቀጥሎም ለብዙዎች በሚነገር ትእዛዝ አንቀጽ ለውጣችሁ ጻፉ። ቦዝ አንቀጾቹንም ማስማማት አትርሱ።

2. የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ትርጉም አላቸው። ትርጉሞቹን ለይታችሁ፣ አሻሚነቱ በሚወገድበት መንገድ እንደ ገና ጻፏቸው፦ «ሳትጠይቅ አትጫን።» «ከመውጣትህ በፊት ጨዋታውን አጥፋ።» «ገጹ ሲከፈት ስሙ ይለወጣል።»

3. ስለ ሃሺሞቶ አቋራጭ «ኖሮ» እና «ነበር» የሚገኙባቸው ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ። ቢያንስ አንዱ በአሉታ ይጀምር።

4. በቤታችሁ የሚገኝ አንድ መሣሪያ ምረጡ፤ ራዲዮ፣ የእጅ ስልክ ወይም የቡታጋዝ ምድጃ ሊሆን ይችላል። መሣሪያውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ከ120 ቃላት የማይበልጥ የአጠቃቀም መመሪያ ጻፉ። ከዚያ ጽሑፉን በአጠገባችሁ ለተቀመጠው ተማሪ ስጡት፤ እርሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ የታዘዘውን ብቻ በእጁ እያሳየ ይፈጽም። እናንተ እስኪጨርስ ድረስ አትናገሩ። የተደናገረበትን ቦታ ሁሉ በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጉና መመሪያውን አርማችሁ ለመምህራችሁ ሁለቱንም ቅጂ አስረክቡ።